ቅኔ ነው ወይስ ዝባዝንኬ?



በአገራችን አንድ ሰው የተነገረው ወይም የተጻፈለት ነገር ካልገባው «ቅኔ ሆነብኝ» ይላል። እኔ እንደሚመስለኝ ግን ይህን ቃል ያለ ቦታው እያዋልነው እንጎዳበታለን።

ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። ሰሙ ላይ ላዩን የሚሰማው ነው፤ ወርቁ ከሥር የተደበቀው ቁም ነገር ነው። ተማሪው ቅኔ ቤት ገብቶ ዓመታት የሚደክመው ያን ወርቅ ለማውጣት፣ ራሱም ለመቀኘት ነው። ስለዚህ «ቅኔ ሆነብኝ» ያለ ሰው «ወርቁስ አለ፤ ጉድለቱ የኔ አለመማር ነው» ማለቱ ነው።

አሁን ደግሞ ከአንድ ጽሕፈት ቤት የመጣ ደብዳቤ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ከላይ በርዕሱ የተጠቀሰው ጉዳይ አግባብ ባለው ክፍል ታይቶ ተገቢው እርምጃ እንዲወሰድ እናሳስባለን።» ጉዳዩ ምንድን ነው? የሚያየውስ ማን ነው? እርምጃው ምንድን ነው? መቼ ነው የሚወሰደው? አንዱም የለበትም። ገለባው ተከምሮ እህሉ የታጣበት አውድማ ማለት ይህ ነው። እንዲህ ላለው ነገር አማርኛችን ሌላ ቃል አለው፤ ዝባዝንኬ ይባላል። ጥፋቱም የጸሐፊው እንጂ የአንባቢው አይደለም።

ይሁን እንጂ ያልገባንን ሁሉ ዝባዝንኬ ነው ብለን እንዳንጥለው። የእርሻ ባለሙያው «ለ1 ሄክታር ይህን ያህል ማዳበሪያ» ሲል፣ ሄክታር የማናውቀው ቃል ሊሆን ይችላል። ግን ፍሬ አለው። 100 ሜትር በ100 ሜትር የሆነ መሬት ነው፤ በብዙ ቦታ 4 ጥማድ ያህል ይሆናል። ፍሬ ያለው ነገር ሲጠየቅ ይፈታል። ዝባዝንኬ ግን ሲጠየቅ ይባስ ይወሳሰባል።

የተማረ ሰው ከፈለገ ግልጽ አድርጎ መናገር አያቅተውም። በ1966ቱ አብዮት ዘመን «ፕሮሌታሪያት» የሚል ባዕድ ቃል መጣ። «ላብ አደር» ተብሎ በአማርኛ ሲነገር ግን ምን ይከብዳል? ላብንና ሠርቶ ማደርን የማያውቅ ገበሬ የለም።

ነገሩ የቃል ጨዋታ እንዳይመስለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1728፣ ማንበብ የማይችል ሰው በውል ላይ ያሳረፈው የጣት አሻራ በዳኛ ወይም ውል በሚያዋውል ሹም ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን ይህ ጋሻ የለውም። በስሙ ከፈረመ ፈረመ ነው! ገንዘቡን ብቻ ዐይቶ ያልገባውን የብድር ወረቀት የሚፈርም ሰው፣ ሣሩን ዐይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ነው።

እንግዲህ ፊደል ከቆጠርን አይቀር፣ ብዕር ከማንሣታችን በፊት አራት ነገር እንጠይቅ፦ ማን? ምን? ስንት? መቼ? መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ አፍረን አናቀርቅር። «ይህ ዝባዝንኬ ነው፤ በሚገባኝ አማርኛ ይጻፍልኝ» እንበል። ጎረቤታችንም እንዲሁ እንዲል እንንገረው።

ያልገባንን አንፈርም!