ያለ ሜዳ የተወሰደ ዋንጫ

የቅርጫት ኳስ ወዳጆች ሲከራከሩ የሎስ አንጀለስ ሌከርስ 17ኛ ዋንጫ ሁልጊዜ አንድ «ግን» ይከተለዋል። ወስደዋል፣ ግን የኮሮና ዓመት ነበር። ወስደዋል፣ ግን ተመልካች አልነበረም። ወስደዋል፣ ግን አራት ወር አርፈው ነው የመጡት። ይህ «ግን» በፌርፋክስ ጎዳና፣ በኦሎምፒክና በፒኮ መካከል፣ ቡና በሚጠጣባቸው ጠረጴዛዎችም አይጠፋም። እኔ ደግሞ ተቃራኒውን እላለሁ። ሌከርስ እ.ኤ.አ. በ1960 ከሚኒያፖሊስ ተነሥቶ እዚህ ከተማ ከገባ ወዲህ ካነሣቸው 12 ዋንጫዎች እጅግ የከበደው ያ ነው። ይህን ለመረዳት ደግሞ ከዚህ ሰፈር፣ ከትንሿ ኢትዮጵያ፣ ነዋሪ የተሻለ የቀረበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የውድድር ዘመኑን በእኛ አቆጣጠር ማየት ይበጃል። ጥቅምት 11 ቀን 2012 ዓ.ም. ተጀምሮ ጥቅምት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. አለቀ፤ ዓመት ሊሞላው ዐሥር ቀን ብቻ ሲቀረው ማለት ነው። በደኅናው ጊዜ ስምንት ወር ገደማ የሚፈጀው ነገር አዲስ ዓመትን ተሻግሯል። ቡድኑ ከዚያ በፊት ለስድስት ተከታታይ ዓመታት ወደ ጥሎ ማለፉ አልገባም ነበር። አንተኒ ዴቪስን ከኒው ኦርሊንስ አስመጣ፣ አሠልጣኝ ፍራንክ ቮጌልን ቀጠረ፣ በመክፈቻው ጨዋታ በከተማው ተቀናቃኝ በክሊፐርስ 112 ለ102 ተሸነፈ። ከዚያ ግን ከመጀመሪያዎቹ 27 ጨዋታዎች 24ቱን አሸነፈ። ሌብሮን ጄምስ በ35 ዓመቱ፣ በ17ኛ የሙያ ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳስ አቀብሎ በማስቆጠር የሊጉ አንደኛ ሆነ።

ጥር 17 ቀን፣ ጥምቀት ካለፈ በሳምንቱ እሑድ ዕለት፣ የቀድሞው የሌከርስ ኮከብ ኮቢ ብራያንት፣ የ13 ዓመት ልጁ ጂያናና ሌሎች ሰባት ሰዎች ካላባሳስ ላይ በወደቀች ሄሊኮፕተር ሞቱ። ሌብሮን በጠቅላላ ነጥብ ኮቢን አልፎ ሦስተኛ የሆነው በዋዜማው ምሽት ነበር፤ ያውም በፊላደልፊያ፣ ኮቢ በተወለደበት ከተማ። ቡድኑ መርዶውን የሰማው ከዚያ ሲመለስ አውሮፕላን ውስጥ ነው። ኮቢ ለዚህች ከተማ ምን እንደነበር ለማወቅ ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ ማሊያ መልበሱንና አምስት ዋንጫ ማንሣቱን መቁጠር አይበቃም። እዚህ ተወልደው ያደጉ የእኛ ልጆች፣ ወላጆቻቸው ስለ አበበ ቢቂላና ስለ ኃይሌ ሲነግሯቸው እነሱ በምላሹ የሚያነሡት ስም የእሱ ነበር። በእኛ ወግ ሐዘን የደረሰበት ሰው ይቀመጣል፣ ዘመድ ጎረቤት መጥቶ ያስተዛዝነዋል፤ ተነሥተህ ሥራ ግባ የሚለው የለም። ሌከርስ የተራዘመለት አንድ ጨዋታ ብቻ ነበር። በአምስተኛው ቀን ለቀስተኛ በሞላበት አዳራሽ ከፖርትላንድ ጋር ተጫውቶ 127 ለ119 ተሸነፈ። «አርፈው ነው የመጡት» የሚል ሰው ከዚህ ቀን ይጀምር።

የካቲት መጨረሻ ላይ፣ አርብ ሚልዋኪን 113 ለ103፣ እሑድ ክሊፐርስን 112 ለ103 አሸነፉ። የዓመቱን ሁለት ብርቱ ባላንጣዎች በሦስት ቀን ውስጥ መርታት ነበር። 49 አሸንፈው 14 ተሸንፈው ሳለ፣ መጋቢት 2 ቀን የዩታው ሩዲ ጎቤር በቫይረሱ መያዙ ታወቀና ሊጉ በዚያው ሌሊት ቆመ።

በዚያው ሳምንት የከተማዋ ምግብ ቤቶች እንግዳ አስቀምጠው እንዳያስተናግዱ ታዘዙ። ትእዛዙ ለሁሉም አንድ ቢሆንም የጉዳቱ መልክ አንድ አልነበረም። ሃምበርገር ከመስኮት ቢሸጥ ያው ሃምበርገር ነው። ከሮዛሊንድ አንሥቶ እስከ መሶብና መርካቶ ድረስ ያሉት የፌርፋክስ ቤቶች ግን የቆሙት በአንድ ትሪ ዙሪያ በሚሰበሰብ ሰው ላይ ነው። ጉርሻ በዚያ ሰሞን የሚያስፈራ ነገር ሆነ። ዶሮ ወጥ በፕላስቲክ ዕቃ ተከፋፍሎ፣ እንጀራው ተጠቅልሎ ለብቻው በላስቲክ ገብቶ፣ በር ላይ ለቆመ አድራሽ ይሰጥ ጀመር። ኤርፖርት ሲጭኑ የነበሩ ባለታክሲዎች የሚጭኑት አጡ። እ.ኤ.አ. በ2002 የከተማው ምክር ቤት ትንሿ ኢትዮጵያ ብሎ የሰየመው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከነዚህ ቤቶች ነውና የቤቶቹ መዘጋት የሰፈሩን ህልውና የሚነካ ነበር። በኋላ ጠረጴዛ እግረኛ መንገድ ላይ ተዘረጋ፤ እንደገና ተከለከለ፤ እንደገና ተፈቀደ።

ወደ ኳሱ ልመለስ። ሐምሌ ላይ 22 ቡድኖች ኦርላንዶ፣ ፍሎሪዳ፣ ዋልት ዲዝኒ ወርልድ ግቢ ውስጥ ተዘግቶባቸው ውድድሩ ቀጠለ። ሌከርስ እዚያ ሦስት ወር ገደማ ቆየ። በ52 ድልና በ19 ሽንፈት የምዕራቡ ምድብ አንደኛ ነበር፤ የአንደኝነት ዋነኛ ጥቅም ደግሞ ወሳኝ ጨዋታዎችን በራስ ሜዳ፣ በራስ ደጋፊ ፊት ማድረግ ነው። ሌሊት ተጉዞ፣ ባዳ አዳራሽ ገብቶ፣ እየተጮኸበት መጫወት የነበረበት ተጋጣሚው ነበር። ዝግ ግቢው ይህንን ለወራት የተለፋበትን ጥቅም በአንድ ቀን ሰረዘው። ስለዚህ የዲዝኒው ውድድር ሌከርስን ጠቀመ የሚለው ክርክር የተገለበጠ ነው፤ ብዙ ካጡት ዋነኛው ሌከርስ ነው። ያው ዕጣ የደረሰበት ሚልዋኪ፣ 56 ጨዋታ አሸንፎ የሊጉ አንደኛ የነበረው፣ በሁለተኛው ዙር በማያሚ 4 ለ1 ተባረረ። ክሊፐርስ ዴንቨርን 3 ለ1 እየመራ ተሸነፈ። ዕረፍቱ ስጦታ ከነበረ የሁሉም ስጦታ ነበር።

ሜዳ የሌለው ሆኖ ማሸነፍ ምን እንደሚጠይቅ ፌርፋክስ ያውቃል። እዚህ የመጣ ሰው ቋንቋው፣ ዘመዱ፣ የትምህርት ማስረጃው ሁሉ አገር ቤት ቀርቶ፣ ደጋፊ በሌለበት አዳራሽ ነው የጀመረው። ሒሳብ ያስተምር የነበረ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ፣ ነርስ የነበረች ሳህን ስታጥብ ያላየ የለም። ማንም «ግን በአንተ ላይ ሁኔታው ከብዶ ነበርና ያገኘኸው አይቆጠርም» አይለውም፤ እንዲያውም ለዚያ ነው የሚቆጠርለት።

ዝግ ግቢው ከውጭው ዓለም አላመለጠም። ገና ግቢው ሳይከፈት፣ ግንቦት 17 ቀን፣ ጆርጅ ፍሎይድ በሚኒያፖሊስ በፖሊስ ተገደለ። በአምስተኛው ቀን ከትንሿ ኢትዮጵያ ብዙም ሳይርቅ፣ በዚሁ በፌርፋክስ ጎዳና፣ የፖሊስ መኪኖች ሲቃጠሉ ታየ። ነሐሴ 20 ቀን፣ ጄኮብ ብሌክ ኬኖሻ ውስጥ በፖሊስ ከተተኮሰበት በኋላ፣ የሚልዋኪ ተጫዋቾች ሜዳ አንገባም አሉ። ሌከርሶች ውድድሩ ጨርሶ ይቅር የሚለውን ሐሳብ መደገፋቸው በወቅቱ ተዘግቧል። ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሰው ተጫወቱ። ቤተሰብ ርቆ፣ ወገን እየሞተ፣ ዋንጫ ለማን ነው እያሉ መጫወት ዕረፍት አይባልም።

ከተቃራኒው ወገን አንድ እውነት አለ፤ እሱን አልክድም። በፍጻሜው የመጀመሪያ ጨዋታ የማያሚ ሁለት ዓምዶች፣ ጎራን ድራጊችና ባም አዴባዮ፣ ተጎዱ። ሙሉ ሆነው ቢመጡ ጨዋታው ይረዝም ነበር ብዬ አምናለሁ። ሆኖም ሁሉም ሙሉ ሆኖ የሚገባበት ፍጻሜ ብርቅ ነው፤ ሌከርስም ቢሆን ተጫዋቹን ኤቨሪ ብራድሊን ሳይዝ ነው ፍሎሪዳ የሄደው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሳን አንቶኒዮ ዋንጫውን የወሰደው መደበኛው ውድድር በ50 ጨዋታ ባለቀበት ዓመት ነበር፤ ያን ጊዜም አሠልጣኙ ፊል ጃክሰን በዋንጫው መዝገብ ላይ የኮከብ ምልክት ይደረግበት ብሎ ነበር። ሌከርስ 71 ተጫውቶ፣ ከዚያ አራት ሙሉ ዙሮችን አለፈ። ፖርትላንድን፣ ሂዩስተንንና ዴንቨርን እያንዳንዳቸውን 4 ለ1፣ ማያሚን 4 ለ2 ረታ። ጥቅምት 1 ቀን በመጨረሻው ጨዋታ 106 ለ93 ሲያሸንፍ ሌብሮን 28 ነጥብ፣ 14 ሪባውንድና 10 አሲስት ነበረው።

ያ ዓመት አንድ ነገር ደግሞ አስተካከለ። ያኔ ስቴፕልስ ሴንተር ይባል የነበረው የሌከርስ አዳራሽ ከፌርፋክስ ዐሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የትኬቱ ዋጋ ግን ለአስተናጋጅ ወይም ለባለታክሲ ከዚያ እጅግ ይርቃል። በሜዳው ዳር ከሚቀመጠው የፊልም ተዋናይ ጀምሮ ወጥ ቤት ውስጥ ስልኳን ከዱቄት ጣሳ ጋር እስካስደገፈችው ሴት ድረስ፣ ሁሉም በዚያ በጋ ጨዋታውን ያየው በስክሪን ነበር።

ለዚያ ቡድን የአደባባይ ሰልፍ አልተደረገለትም። የዋንጫው ሰንደቅ የተሰቀለው በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጥቂት ተመልካች በተፈቀደበት አዳራሽ ነው። ሌከርስ ባሸነፈበት በዚያው የጥቅምት ወር ዋንጫ የወሰደው የቤዝቦሉ ዶጀርስ ያመለጠውን ሰልፍ እ.ኤ.አ. በ2024 እንደገና አሸንፎ አገኘው። ከተማዋ ያንን የሌከርስ ቡድን ጠርታ በአደባባይ ልታመሰግነው ይገባል። ሌላ ዋንጫ እስኪመጣ መጠበቅ የለባትም።