«ትል» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይበቃም
ስለ ቡና ቅጠል ሰርሳሪ የእሳት እራቶች አሰያየም የቀረበ አስተያየት

ስለ ሰብል ተባይ ከሚደርሱን ሪፖርቶች መካከል «በቡናው ቅጠል ላይ ትል ታይቷል፤ መድኃኒት ይላክልን» የሚሉት ጥቂት አይደሉም። ሪፖርቱ ሐሰት የለበትም፤ ትሉ በእርግጥ አለ። ነገር ግን የትኛው ትል እንደሆነ ስላልተገለጸ የሚሰጠው መልስ ከግምት አያልፍም። ግምቱ ሲስት ደግሞ ኪሳራው የሚወድቀው በሪፖርቱ ጸሐፊ ላይ ሳይሆን መድኃኒቱን በገዛው ኅብረት ሥራ ማኅበር ላይ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው አስተያየት አንድ ነው፤ ይኸውም አንዲትን ጥቃቅን የእሳት እራት ከመሰሎቿ ለይቶ መግለጽና መሰየም የሊቃውንት ቅንጦት ሳይሆን የእርሻ ሥራ አካል ነው የሚል ነው። ለዚህም የቡና ቅጠል ሰርሳሪን በምሳሌነት እንወስዳለን።

የቡና ቅጠል ሰርሳሪዋን የእሳት እራት ብዙ ገበሬ አያውቃትም፤ የሚያውቀው ሥራዋን ነው። ክንፏን ከድና ስታርፍ ከ3 ሚሊ ሜትር ብዙም አትበልጥም፤ መልኳ ብርማ ነጭ ነው። እንቁላሏን በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ ትጥላለች። የተፈለፈለው እጭ ወደ ውስጥ ሰርስሮ ይገባና በቅጠሉ ሁለት ሽፋኖች መካከል ያለውን ሥጋ እየበላ ያድጋል። በዚህ ጊዜ በቅጠሉ ላይ ቅርጽ የለሽ ቡናማ ቁስል ይወጣል፤ ከሩቅ ሲያዩት በሽታ ይመስላል። የቁስሉን ሽፋን በጥፍር ሲገፉት ግን ትንንሽ ነጭ ትሎች ብቅ ይላሉ። በጽኑ የተጠቃ ቅጠል ያለ ጊዜው ይረግፋል።

ዛሬ ሊውኮፕቴራ ኮፌላ የምትባለውን ሰርሳሪ እ.ኤ.አ. በ1842 የገለጻት ጌሬን ሜንቪል የተባለ ፈረንሳዊ የነፍሳት ተመራማሪ ሲሆን፣ የተገኘችውም በካሪቢያን ደሴቶች ቡና ላይ ነበር። በምሥራቅ አፍሪካ ቡና ላይ ይታይ የነበረው ሰርሳሪም ለረጅም ዓመታት አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ ስም ሲመዘገብ ቆየ። ሁለቱም ቡና ላይ ናቸው፤ ሁለቱም ነጭ ናቸው፤ ቁስላቸውም አንድ ይመስላል። ስለዚህ ሌላ ምርመራ የሚያሻ አልመሰለም። እ.ኤ.አ. በ1940 ግን ጌስኪዬር ሊውኮፕቴራ ሜይሪኪን፣ ዋሽበርን ደግሞ ሊውኮፕቴራ ካፌይናን ገለጹ። የአፍሪካ ቡና የራሱ ሰርሳሪዎች እንዳሉት፣ የአሜሪካዋም ከነዚህ የተለየች እንደሆነች በዚህ ታወቀ። ከ1842 እስከ 1940 ስንቆጥር 98 ዓመት ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል እናድርግ። ሜይሪኪ የሚለው ስም የተሰጠው ለኤድዋርድ ሜይሪክ መታሰቢያ ነው። ይህ ሰው በእንግሊዝ አገር የትምህርት ቤት መምህር ሆኖ እየሠራ ከ14 ሺህ በላይ ጥቃቅን የእሳት እራቶችን የሰየመ ሲሆን፣ ይሠራ የነበረውም በእጅ አጉሊ መነጽር ነበር። የዛሬው አሠራር ከዚህ ይለያል። ክንፋቸው የሚመሳሰል ዝርያዎች ብዙውን ጊዜ የሚለዩት በመራቢያ አካላቸው ቅርጽ ስለሆነ የነፍሳቱ የኋላ አካል በኬሚካል ተለስልሶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ከቀደሙት ዝርያዎች ጋር ተነጻጽሮ ልዩነቱ ሲረጋገጥ አንዲት ነፍሳት የስሙ መለያ ናሙና ሆና በሙዚየም ትቀመጣለች፤ መግለጫውም በጽሑፍ ይወጣል። ስሙ የሚጸናው ከዚህ በኋላ ነው።

ስሙ ለገበሬው ምን ይፈይዳል? የሚል ጥያቄ ይነሣ ይሆናል። ሁለቱ የአፍሪካ ዝርያዎች በጠባያቸው አንድ አይደሉም። ሜይሪኪ ጥላ በሌለው ቡና ላይ ትበረታለች፤ ካፌይና ግን ጥላ ያለበትን ቡና ትመርጣለች። እንግዲህ አንድ ማኅበር ሰርሳሪ በዛብኝ ብሎ ሰሳውንና ዋንዛውን ቢመነጥር ለአንደኛዋ ቤቷን ሲያፈርስባት ለሌላዋ ሊሠራላት ይችላል። የቅርንጫፉ ባለሙያ «ጥላ አሳሱ» ወይም «ጥላ ትከሉ» ብሎ ከመምከሩ በፊት ምክሩ ለየትኛዋ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

የመድኃኒቱ ነገር ከዚህም ይከፋል። የሰርሳሪዋን እጭ ቅጠሉ ውስጥ እያለ የሚፈጁ ጥቃቅን ጥገኛ ተርቦች አሉ። ኬንያ ውስጥ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሁሉን ገዳይ ፀረ ተባይ በተረጨባቸው የቡና እርሻዎች ተርቦቹ ሲያልቁ ሰርሳሪዋ መልሳ በዛች። ገበሬው ከፍሎ ረጨ፤ ከፍሎም ተባይ አበዛ። ስለዚህ የተባዩ ማንነትና የተርቦቹ መኖር ሳይታወቅ ለርጭት የሚወጣ ገንዘብ መቆም አለበት ብለን እናምናለን። የማኅበራት ሥራ አመራር ኮሚቴዎችም ግዢውን ከማጽደቃቸው በፊት «የተባዩ ስም ማን ነው?» ብለው የመጠየቅ መብት አላቸው።

ይህ የቡና ጉዳይ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የአሜሪካ መጤ ተምች ወደ አገራችን ሲገባ በቆሎ ላይ የታየው ትል ነባሩ ተምች የመሰለው ሰው ነበር። ነባሩ ተምች በመንጋ መጥቶ፣ ሣሩንና አዝመራውን አውድሞ ይሄዳል። መጤው ግን በበቆሎው እምብርት ውስጥ ተደብቆ ይከርማል። በግንባሩ ላይ ያለውን የተገለበጠ የእንግሊዝኛ ዋይ ፊደል የሚመስል ምልክትና በጅራቱ አጠገብ በአራት ማዕዘን የተቀመጡትን አራት ጥቁር ነጥቦች ማየት የቻለ የልማት ሠራተኛ ግን ሁለቱን ለመለየት አልተቸገረም።

የአፍሪካ የእሳት እራቶች መለያ ናሙናዎች አብዛኞቹ ያሉት በአውሮፓ ሙዚየሞች ነው። አንድ የጅማ ባለሙያ የያዘውን ከመለያው ናሙና ጋር ላነጻጽር ቢል ባሕር መሻገር ሊኖርበት ነው። ይህ ሊሻሻል የሚችለው እዚሁ አገር ውስጥ የነፍሳት መሳቢያዎቻችን በተሟላ መረጃ ሲሞሉ ነው፤ ያለ እናንተ ደግሞ አይሞሉም። ከማዕከል የሚላክ ሰው በዓመት አንድ ቀን ያያል፤ የልማት ሠራተኛው ግን ቡናውን ዓመቱን ሙሉ ያየዋል።

ከእናንተ የምንጠይቀው ሥራ ከባድ አይደለም። እንቁላሉን በአጉሊ መነጽር ተመልከቱ። በቅጠሉ ትልቅ ሥር ዳር ተነካክቶ በረድፍ ከተደረደረ ካፌይናን፣ ሳይነካካ ተበታትኖ ከተቀመጠ ሜይሪኪን ጠርጥሩ። ይህ ግን ጥርጣሬ እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። እጩ ሲያድግ ከቁስሉ ወጥቶ በቅጠል ሥር፣ የእንግሊዝኛ ኤች ፊደል በሚመስል ነጭ ድር ተሸፍኖ ሙሽሬ ይሆናል። ይህን ቅጠል ቆርጣችሁ በብርጭቆ ውስጥ አድርጉና አፉን በስስ ጨርቅ እሰሩ፤ ፀሐይም አታስመቱት። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ የእሳት እራቷ ትወጣለች። በእሷ ፈንታ ተርብ ቢወጣ አትጣሉት፤ እሱንም ላኩልን። የእሳት እራቷ በደረቁ ትላክ፤ አልኮል ውስጥ ከገባች የክንፏ ብናኝ ይረግፋል። ትሉ ግን በአልኮል ይቀመጥ። ከናሙናው ጋር ቀበሌውን፣ ከፍታውን፣ ቀኑን፣ የቡናውን ዓይነት፣ ጥላ መኖር አለመኖሩንና ከዚያ በፊት ምን እንደተረጨ ጻፉ። ጽሕፈቱም በእርሳስ ይሁን፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።