መቶ በመቶ አሳለፋችሁ፤ ስንቱን ሸኝታችሁ?

ክረምት ሲገባ አዲስ አበባ ሁለት ነገር ታበቅላለች፤ ሣርና ባነር። የስምንተኛ ክፍል ውጤት በተሰማ ማግስት በየግል ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ጨርቅ ይወጠራል። «ተማሪዎቻችንን መቶ በመቶ አሳልፈናል! ምዝገባ ጀምረናል!» ይላል። ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች ጎን ለጎን የተጻፉት በአጋጣሚ አይደለም። የመጀመሪያው ማባበያ ነው፤ ሁለተኛው ገበያ።

እኔ ከዚህ «መቶ በመቶ» ጋር ጠብ አለኝ። ጠቡ የተጀመረው በእህቴ ልጅ ነው። ልጁ ሰባተኛ ክፍልን እንደጨረሰ እናቱ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ተጠራች። «ልጁ ጨዋ ነው፤ ነገር ግን ስምንተኛ ክፍል እዚህ ይከብደዋል። ለእሱም ስለሚሻል መልቀቂያውን አዘጋጅተንለታል» አሏት። ልብ በሉ፤ ልጁ አልወደቀም። ካርዱ ላይ «ተዛውሯል» ተብሎ ተጽፏል። ከአንደኛ ክፍል ጀምራ የወር ክፍያ ሳታጓድል የከፈለች እናት መልቀቂያውን በፖስታ ይዛ ወጣች። በዓመቱ ክረምት ያው ትምህርት ቤት ባነሩን ሰቀለ። ልጁ በዚያ ሲያልፍ ቀና ብሎ አነበበና «ጋሼ፣ እኛ የወጣነው ልጆች አንቆጠርም እንዴ?» አለኝ። የምመልስለት አጣሁ።

አሁን መልስ አለኝ። አይ ልጄ፤ አትቆጠሩም። እንዳትቆጠሩ ነው የተሸኛችሁት።

ለመሆኑ መቶ በመቶ እንዴት ይገኛል? አንዱ መንገድ ማስተማር ነው። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ መምህርም ይፈልጋል። ሌላው መንገድ ቀላል ነው። የክፍልፋይን የላይኛውን ቁጥር ማሳደግ ያቃተው የታችኛውን ቢቀንስ ውጤቱ ያው ያድጋል። ይህን ሂሳብ ትምህርት ቤቶቹ ራሳቸው ለልጆቻችን ያስተምራሉ፤ ክረምት ሲደርስ ደግሞ በልጆቻችን ላይ ይሠሩታል።

የቀሩትስ ልጆች ምን ያገኛሉ? ሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሲገባ የስፖርቱና የሥዕሉ ክፍለ ጊዜ ለክለሳ ይወሰዳል። የቆዩ የፈተና ወረቀቶች ይባዛሉ። ልጁ ከሀ እስከ መ ካሉት ፊደላት አንዱን ማክበብ ይሠለጥናል። ክበብ ባለበት ጎበዝ ነው፤ «ስለ ሰፈርህ አንድ ገጽ ጻፍ» ብትሉት ግን እርሳሱን ያኝካል።

ይህን ፈተና ዛሬም «ሚኒስትሪ» እንለዋለን። ትምህርት ሚኒስቴር ራሱ ለመላው አገር ያዘጋጀው ከነበረበት ዘመን የቀረ ስም ነው። አሁን የሚያዘጋጁት የክልልና የከተማ ትምህርት ቢሮዎች ናቸው። ስሙ ከነግርማው ቀረ፤ ሚዛኑስ? የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጠ። ከተፈተኑት ወደ 900 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። የአሥረኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ከስምንተኛ ክፍል ወዲህ ያገኙት የመጀመሪያው ትልቅ በር ይኸው ነበር። በስምንተኛው «አልፈሃል» ተብለው፣ በአሥራ ሁለተኛው አገር ጉድ እስኪል ወደቁ። በመካከል አራት ዓመት አለ። ማን ዋሻቸው?

«ባነር ሰቃዮቹ የግል ትምህርት ቤቶች ከሌላው ይሻላሉ» የሚለኝ ይኖራል። ይሻሉ ይሆናል። ጠንካራውን አስቀርቶ ደካማውን የሸኘ ትምህርት ቤት ግን የተሻለው በማስተማሩ ይሁን በመምረጡ በምን እናውቃለን? ደግሞስ የተሸኘው ልጅ የት ይሄዳል? በአቅራቢያው ወዳለው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ውድቀቱም እዚያ ይቆጠራል። አንዱ በሸኘው ልጅ ሌላው ይታማል።

ፈተና ይቅር አላልኩም። ፈተና ለበሽተኛ እንደ ሙቀት መለኪያ ነው፤ ትኩሳቱን ይነግረናል። እኛ ግን ትኩሳት ያለበትን በጓሮ በር እያስወጣን ሆስፒታሉ ጤነኛ ነው እያልን ነው።

ጥፋቱን ሁሉ ለርዕሰ መምህራን ጥዬ መሸሽ አልችልም። ለእህቴ ልጅ ያንን ትምህርት ቤት የመረጥኩለት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ የጠየቅሁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር፤ «ስንት በመቶ ታሳልፋላችሁ?» የሚል። የጠየቅሁትን ሸጡልኝ። ከእኛ ከወላጆችና ከአጎቶች ጥያቄ ነው ባነሩ የተሸመነው።

እንግዲህ ጥያቄውን እንለውጥ። ዘንድሮ ለምዝገባ ስትሄዱ፣ «ሰባተኛ ክፍል ስንት ልጆች ነበሩ? ከእነርሱስ ስንቱ እዚሁ ስምንተኛን ተፈተኑ?» በሉ። የትምህርት ቢሮዎችም የእያንዳንዱን ትምህርት ቤት ውጤት ሲያሳውቁ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች አብረው ያውጡ። መዝገቡ በእጃቸው ነው፤ አዲስ ጥናት አያስፈልገውም።

ያን ጊዜ ስንቱ ባነር እንደሚወርድ እናያለን። ካልወረደም ይሰቀል፤ እኔም ቆሜ አጨበጭባለሁ። እስከዚያው ግን በየአጥሩ የተወጠረው ጨርቅ የሚነግረኝ ስላለፉት አይደለም። ከበስተኋላው የጠፉትን ልጆች ነው የማነበው።