«ስፖንሰር አለሽ?»

በየዓመቱ መስከረም መገባደጃ ላይ፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር 10፣ የዓለም የአእምሮ ጤና ቀን ይከበራል። ባነር ይሰቀላል፣ ቲሸርት ይታደላል፣ «ዝምታውን እንስበር» ይባላል። እሺ፣ ሰበርነው። አወራን። ታዲያ ማን ይስማን? ሰው አድምጦ የሚረዳ ባለሙያ በባነር አይሠራም። ዓመታት ተምሮ፣ ከታካሚ ፊት ተቀምጦ፣ በአስተማሪ እየታረመ ነው የሚሠራው። ለዚህ ትምህርት ማን ይክፈል ሲባል ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። ያኔ ዝምታውን የሚሰብር የለም።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ መያዝ ስለ ሰው ባሕርይ ማወቅ እንጂ የተጎዳን ሰው ማከም አይደለም። ለዚያ የሚያበቃው ሥልጠና በማስተርስ ይጀምራል፤ ክሊኒካል ወይም ካውንስሊንግ ሳይኮሎጂ ተብሎ። ስለዚህ የድህረ ምረቃው በር የትምህርት በር ብቻ አይደለም፣ የሕክምናም በር ነው። በሩን ማን እንደሚያልፍ የሚወስነው ደግሞ ጭንቅላት ሳይሆን ኪስ ከሆነ፣ ጉዳዩ የተማሪዋ ብቻ መሆኑ ያበቃል። የሁላችንም ይሆናል።

ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ሁለተኛ ዲግሪ የሚፈልግ ሁሉ አገር አቀፍ የመግቢያ ፈተና ይወስዳል። እኔ በፈተናው ቅሬታ የለኝም። ፈተና ቢያንስ አባትሽ ማን ነው አይልም። ችግሩ ካለፉ በኋላ ነው። አንዲት ጓደኛዬ በግል ትምህርት ቤት ትሠራለች። ልጅ ሲያለቅስ፣ ልጅ ሲደባደብ፣ ልጅ ምግብ አልበላም ሲል ወደ እሷ ይላካል። ፈተናውን አልፋ ለማመልከት ስትሄድ በመስኮቱ በኩል የመጣላት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስፖንሰር አለሽ?» የሚል ነበር። መሥሪያ ቤቷ ደብዳቤ አይጽፍላትም። ለምን ይጻፍ? ማስተርስ ከያዘች ጥላቸው ትሄዳለቻ! የቀራት «በግል» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ማድረግ ነው። «በግል» ማለት ደግሞ ክፍያው፣ የቤት ኪራዩ፣ ለተግባር ልምምድ ሲባል ከሥራ የሚቀረው ቀን፣ ሁሉም በእሷ ጫንቃ ማለት ነው።

አሁን ከጎን ያለውን ቤት እንይ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ1995 ዓ.ም. የሳይካትሪ ስፔሻሊቲ ማሠልጠን ጀመረ። ከዚያ በፊት ሳይካትሪስት መሆን የፈለገ ሐኪም አገር ጥሎ መውጣት ነበረበት። ዛሬ ሬዚደንቱ እዚሁ ይማራል፣ ታካሚ ያያል፤ መንግሥት የላከው ከሆነ ደመወዙም አይቋረጥም፣ በምላሹ የአገልግሎት ግዴታ ይገባል። ደግ አሠራር ነው። ግን ያንኑ ታካሚ በንግግር የምታክመዋ የሳይኮሎጂ ተማሪ ስትሆን ተከፋይነቱ ቀርቶ ከፋይ የምትሆነው ለምንድን ነው? መድኃኒት የሚያዝ ሠልጣኝ ለአገር አስፈላጊ፣ የሚያደምጥ ሠልጣኝ ቅንጦት ነው ያለው ማን ነው?

«ውጭ ሞክሪያ! ስኮላርሺፕ ሞልቷል» የሚል መካሪ አይጠፋም። እሺ፣ እንሞክር። አሜሪካ ጂአርኢ የሚጠይቅሽ ዲፓርትመንት ከገጠመሽ የፈተናው ዋጋ 220 ዶላር ነው። እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ ብር ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በ100 ብር ብቻ ብናሰላው እንኳ 22,000 ብር። ከመስከረም 2018 ጀምሮ የመንግሥት ጀማሪ ዲግሪ ምሩቅ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፤ ያውም ግብር ሳይቆረጥ። ግብሩ ባይቆረጥባት እንኳ ሁለት ወር ሳትበላ ብትኖር ነው ለአንድ ፈተና የሚበቃት። ከኮሮና ወዲህ ብዙ ዲፓርትመንቶች ጂአርኢን መተዋቸው እውነት ነው። የእንግሊዝኛው ፈተናና የማመልከቻው ክፍያ ግን አሉ።

ከዚያ ደግሞ ብዙ የስኮላርሺፕ ቻናሎች የማይነግሩን ነገር አለ። አሜሪካ ውስጥ በአብዛኛው ትምህርቱ ተከፍሎላት ኪስ ገንዘብ የሚቆረጥላት የፒኤችዲ ተማሪዋ ናት፤ እሷም ምርምር መሥራቷን የሚያሳይ ነገርና የሚቀበላት ፕሮፌሰር ያስፈልጋታል። የካውንስሊንግ ማስተርስ ግን ባብዛኛው በራስ ገንዘብ ነው። እንግሊዝም ቼቭኒንግ አለ፣ ማመልከቻው ነፃ ነው፤ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ የሚሰጠውም የአንድ ዓመት ማስተርስ ነው። እዚያው እንግሊዝ ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት ለመሆን ግን የሦስት ዓመት ዶክትሬት ይጠየቃል። ስለዚህ «ውጭ ሞክሪ» ለጥቂቶች ዕድል ነው፤ ለአገር ግን ፖሊሲ አይሆንም።

«ደሃ አገር ነን፣ ከየት ይምጣ?» ትሉኝ ይሆናል። መልሱ ሩቅ አይደለም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት ወጪ መጋራት ደንብ ለመጀመሪያ ዲግሪ ዛሬ ተማር፣ ነገ ከደመወዝህ ክፈል ብሎ ነበር። መምህር ለሆነው ደግሞ በገንዘብ ፋንታ በአገልግሎት እንዲከፍል በር ከፍቷል። ይህንኑ ለክሊኒካልና ለካውንስሊንግ ማስተርስ ማዋል ምን ይከብዳል? ፈተናውን ያለፈችው ትማር፤ ስትጨርስ ባለሙያ በጠፋበት ወረዳ ጤና ጣቢያ ወይም ትምህርት ቤት አገልግላ ዕዳዋን ትክፈል። የሰሜኑን ጦርነት ያስቆመው የፕሪቶሪያ ስምምነት ጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተፈረመ። በጦርነቱ የተጎዳው ሰው አእምሮ ግን በፊርማ አልዳነም። እዚያ ሥራ የለም የሚለኝ ካለ ይምጣና እንከራከር።

ሁለተኛው ጥያቄዬ ገንዘብም አይጠይቅም። ዩኒቨርሲቲዎች የማመልከቻ ገንዘብ ከመቀበላቸው በፊት ስንት ወንበር እንዳላቸው፣ ስንቱ ለስፖንሰር፣ ስንቱ ለግል ከፋይ እንደሆነና ጠቅላላ ወጪው እስከ ምረቃ ስንት እንደሚደርስ በአንድ ወረቀት ይለጥፉ። ሱቅ እንኳ ዋጋውን ተናግሮ ነው የሚሸጠው።

እናንተም የምታመለክቱ፣ ሳትከፍሉ በፊት ይህን ጠይቁ። «የተግባር ልምምዱ የት ነው? ማን ይቆጣጠረኛል?» በሉ። መልስ የሌለው ፕሮግራም ወረቀት ይሰጣችኋል፣ ሙያ ግን አይሰጣችሁም። የመጪውን ኦክቶበር ባነር ለምታዘጋጁት ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በቲሸርቱ ዋጋ ስንት ተማሪ ይማር ነበር?