ሠርታችሁ አይታችሁታል ወይ?

ይህች መጽሔታችን ተባዝታና ተጠርዛ በየመኝታ ቤቱ በምትታደልበት ቀን፣ አንባብያን ከሁሉ አስቀድመው የሚገልጡት የትኛውን ገጽ እንደ ሆነ እኛ አዘጋጆቹ ጠንቅቀን እናውቃለን። ርእሰ አንቀጹን አለመሆኑ እኛን ያሳዝነናል፤ ግጥሙን አለመሆኑም ገጣሚዎቻችንን ያሳዝናቸዋል። አስቀድሞ የሚገለጠው «በገዛ እጅዎ» የተባለው የመጨረሻው ገጽ ነው። ከባዶ ጣሳ የእርሳስ መያዣ መሥራት፣ ከአሮጌ ጆንያ የደብተር ቦርሳ መስፋት፣ የተነቃነቀ የወንበር እግር ማጥበቅ፣ የተሰነጠቀ ቅል መጠገን፣ እነዚህንና እነዚህን የመሰሉትን ትንንሽ ብልሃቶች የያዘ ስለ ሆነ፣ ኪሱ ለሳሳ ተማሪ ከፍልስፍና ይልቅ ይቀርበዋል። በዚህም ተማሪውን የሚነቅፍ ሊኖር አይገባም። ሰው የሚያስፈልገውን ነገር በገዛ እጁ መሥራት ሲችል ከገንዘቡ በላይ የሚያተርፈው ነገር አለ፤ ይኸውም በራሱ መታመን ነው።

ዳሩ ግን የሚታመነው ገጽ ካላወቀው ነገር የተጻፈ ሲሆን ጉዳቱ እንደ እምነቱ ልክ ነው። ይህን የምንለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም፤ ጥፋቱ የራሳችን ስለ ሆነ ነው።

ባለፈው ሰኔ በዚሁ ገጽ ላይ «ያለ መብራት የሚሠራ ማቀዝቀዣ» በሚል አርእስት አንድ ጽሑፍ አወጣን። ነገሩ ቀላል ይመስላል። አንድ ትልቅ ማሰሮ ይገዛል፤ በውስጡ ትንሽ ማሰሮ ይቀመጣል፤ በሁለቱ መካከል አሸዋ ይሞላል፤ አሸዋው በውሃ ይርሳል፤ አፉ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈናል፤ ምግቡም ሳይበላሽ ይሰነብታል። ብልሃቱን ያገኘነው ከባዕድ አገር ጽሑፍ ነው። አማርኛውን አሳመርን፤ ሥዕሉን አስተካከልን፤ «የጋምቤላን ሙቀት ድል የምንነሣበት መሣሪያ» የሚል መደምደሚያም ጨመርንበት። ያልጨመርንበት ነገር ቢኖር ሠርቶ ማየትን ብቻ ነው።

አንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የሆነ ወንድማችን አመነን። ለወሩ ከያዘው ገንዘብ ላይ ቀንሶ ሁለት ማሰሮ ገዛ፤ አሸዋውን ከባሮ ዳር ተሸክሞ አመጣ፤ ቲማቲምና ከገበያ የገዛውን ዓሣ በውስጡ አኖረ። በሁለተኛው ቀን ስለ ዓሣው የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም፤ መኝታ ቤቱ በሙሉ ቀድሞት ዐወቀ። ወዳጆቹ ለብዙ ቀን ሳቁበት። እኛም በመጀመሪያ ከሣቂዎቹ ጋር ሳቅን፤ «መመሪያውን በትክክል ሳትከተል ቀርተህ ይሆናል» ብለን መለስነው።

ሳቃችን የቆመው በሳምንቱ ነው። አንዲት እኅታችን ገጹን በእጇ ይዛ መጣችና «እናቴ የስኳር በሽተኛ ናት፤ የምትወጋውን ኢንሱሊን መብራት በሚጠፋበት ጊዜ በዚህ ባስቀምጥላት ይሆናል?» ብላ ጠየቀችን። እርስ በርሳችን ተያየን። ከመካከላችን አንዱ «ይሆናል» ለማለት አፉን ከፍቶ ነበር። ስለ መድኃኒት የሚጠየቀው የሆስፒታል ፋርማሲ ነው ብለን ሸኘናት፤ እርስዋ ከወጣች በኋላ ግን ረጅም ጊዜ ዝም ብለን ተቀመጥን። ቀልድ የመሰለን ገጽ ሰው ነፍሱን የሚያስጠጋበት ሊሆን እንደሚችል ያን ዕለት ገባን።

በማግሥቱ ማሰሮ ወደሚሸጥበት ገበያ ወረድን። ሸክላ የሚሠሩ አንዲት የአኝዋሃ እናት አገኘን፤ ቋንቋቸውን የሚያውቅ ጓደኛችን እያስተረጐመልን መጽሔታችንን ዘርግተን ሥዕሉን አሳየናቸው። ሥዕሉን ትክ ብለው አዩና፣

«ልጆቼ፣ ይህን ነገር ሠርታችሁ አይታችሁታል ወይ?» አሉን።

እኛ ሦስት ሆነን ለዚህች አንዲት ጥያቄ መልስ አጣን። እኒያ እናት ግን አላፌዙብንም። አንድ አዲስ እንስራ አነሡና ከውጭ በኩል ጥቂት ውሃ አፈሰሱበት፤ ሸክላው ውሃውን ወዲያው ጠጣው። ቀጥለው ወጥ የሚሠሩበትን በዘይት የተሟሸ ድስት አነሡና እንዲሁ አደረጉ፤ ውሃው በላዩ ተንሸራትቶ መሬት ወረደ። «ያ ይጠጣል፣ ያልበዋል፣ ውሃም ያበርዳል። ይህ አያልበውም፤ ለእሳት እንጂ ለማብረድ አይሆንም» አሉን። ወዲያው ያ ወንድማችን ሁለቱን ማሰሮዎች የገዛው አሮጌ፣ ማለትም የተሟሹትን፣ በርካሽ አግኝቶ እንደ ነበረ ትዝ አለን። በጽሑፋችን ውስጥ «ያልተሟሸ» የምትል አንዲት ቃል ብንጨምር ኖሮ ገንዘቡ ባልጠፋ ነበር።

ከዚያም ወደ ሰማይ አመለከቱን፤ ደመናው ከብዶ ነበር። «በዝናብ ወር እንስራ አያልበውም» ብለው ነገሩን ጨረሱት።

ሳይንሱ ከዚህ የተለየ ነገር አይናገርም። ውሃ ሲተን ሙቀት ይዞ ይሄዳል፤ ገላችን በላብ ርሶ ነፋስ ሲነካው የሚበርደን ስለዚህ ነው። አየሩ ራሱ በእርጥበት የጠገበ ሲሆን ግን ትነቱ ይደክማል፤ ትነቱ ሲደክም ማቀዝቀዙም ይደክማል። ይህን ማሰሮ በማሰሮ የማቀዝቀዝ ዘዴ በዓለም ያስታወቀው መሐመድ ባህ አባ የተባለ ናይጄሪያዊ መምህር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የሮሌክስን ሽልማት ተቀብሎበታል። እርሱ የሠራው ግን በሰሜን ናይጄሪያ፣ ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበት ምድር ነው። ጋምቤላ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ፣ ባሮ የሚያቋርጣት ቆላ ናት። በየካቲት አየሯ ያቃጥላል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግን ምድሯ በዝናብ ትርሳለች። እኛ የየካቲትን ብልሃት በሰኔ አሳተምን።

ይህ ስሕተት በተለይ በዚህች ከተማ ሲፈጸም ያሳፍራል። የጋምቤላ የንግድ ታሪክ ራሱ በወር የሚቈጠር ነበረና። እ.ኤ.አ. በ1902 ዐፄ ምኒልክና እንግሊዞች ከተዋዋሉ በኋላ በባሮ ዳር የንግድ ጣቢያ ተቋቋመ፤ ከካርቱም ተነሥተው በነጭ ዓባይና በሶባት በኩል የሚመጡት የእንፋሎት ጀልባዎች የኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጀልባዎቹ እዚህ የሚደርሱት ግን ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ወራት ብቻ ነው። በበጋ የሚመጣ ካፒቴን አሸዋ ላይ ተቀምጦ ይከርም ነበር። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ የጣቢያው ዘመን አበቃ። ዛሬ ከውጭ የሚመጣልን ብልሃት በጀልባ ሳይሆን በእጅ ስልካችን ይደርሰናል፤ ወንዙ ይሙላ ወይም ይጕደል ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እንግዲህ የነገሩ ሥር ወዴት ነው? በበኩላችን ሥሩ እጅን ከመናቅ የመጣ ይመስለናል። በአገራችን በብዙው ክፍል ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በሥራቸው ሲሰደቡ የኖሩ መሆናቸው የታወቀ ነው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው ምክንያት መስደብን በዐዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። እኛ የዛሬ ተማሪዎች ያን ስድብ አንሳደብም፤ እንዲያውም ስለ ባህል ዕደ ጥበብ ክብር ድርሰት እንጽፋለን። ነገር ግን የምናከብረውን ሰው ቀርበን አንጠይቅም። ይህም ጨዋነትን የለበሰ ንቀት ነው እንጂ ሌላ ስም አናገኝለትም።

እኛ የኪነ ጥበባት ተማሪዎች ደግሞ የባሰብን ነን። ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ስለ ኑዌርም ስለ አኝዋሃም መጻሕፍት አሳትሟል፤ እናነባቸዋለን፤ ከእነርሱም እየጠቀስን እንከራከራለን። አንድ ቀን ከመካከላችን አንዱ የኑዌር ልጆች ከጭቃ በሬ እየሠሩ እንደሚጫወቱ ከመጽሐፉ ጠቅሶ ሲያስረዳ፣ ከአጠገቡ የተቀመጠው የኑዌር ልጅ «እኔ ራሴ ስንቱን ሠርቻለሁ፤ ቀንዱ እንዳይሰበር ምን እንደምናደርግ ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ ሰው የለም» አለ። ሁላችንም ሳቅን። ያም ሳቅ እንደ ዓሣው ሳቅ ኋላ የሚያሳፍር ሆነ። መጽሐፉን የጻፈው ባዕድ ቢያንስ ሄዶ ተቀምጦ ጠይቋል፤ እኛ ግን ጎረቤት አልጋ ላይ የተኛውን ዕውቀት ሳንጠይቅ ከባሕር ማዶ እንቀዳለን።

«ሁሉ ነገር ተሠርቶ ካልታየ አይውጣ ካላችሁ ገጹ ባዶ ይቀራል» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ክርክራቸው ቀላል አይደለም፤ መጽሔት በቀኑ መውጣት አለበት፤ ተማሪም ፈተና አለበት። የእኛ መልስ ግን ይህ ነው፤ ግማሹ ባዶ ይቅር። ባዶ ገጽ የማንንም ዓሣ አያሸትም። «እኛ ጸሐፊዎች እንጂ አንጥረኞች አይደለንም» ለሚሉትም፣ ስለ ሥራ መመሪያ መጻፍ ከድርሰት ሁሉ የሚከብደው መሆኑን እንነግራቸዋለን። በግጥም አንዲት ቃል ብትጐድል አንባቢው ከራሱ ይሞላታል፤ በመመሪያ ስትጐድል ግን የሚጐድለው ከአንባቢው ኪስ ነው።

ስለዚህ ለዚህ ገጽ አምስት ደንብ እንዲጸናለት እንጠይቃለን። አንደኛ፤ ጸሐፊው በጋምቤላ፣ በገዛ እጁ ሠርቶ ያላየውን ነገር አይጻፍ። ሁለተኛ፤ በየትኛው ወር እንደ ሠራው ይግለጥ። ሦስተኛ፤ ልኩን አንባቢው ባለው መለኪያ፣ በጣት፣ በስንዝር፣ በጣሳ ያስቀምጥ፤ ዕቃው የት እንደሚገኝና ምን እንዳወጣበትም ይናገር። አራተኛ፤ ያልተሳካለትን ከተሳካለት አስቀድሞ ይጻፍ፤ ሌላው ሰው ከዚያ ይማራልና። አምስተኛ፤ ያስተማረው ባለሙያ ፈቃዱ ከሆነ ስሙ ይጠራ፤ ለፈጀበት ጊዜም ዋጋው ይከፈለው፤ ዕቃውና ሥራው በአኝዋሃ፣ በኑዌር፣ በማጃንግ፣ በኦፖ ወይም በኮሞ ቋንቋ ስም ካላቸው ያ ስም አብሮ ይጻፍ። እኒያ እናት ስማቸውን እንዳናወጣ ስለ ጠየቁን አላወጣንም።

ደንቡን በራሳችን እንጀምር። ባለፈው የካቲት ማቀዝቀዣውን ራሳችን ሠራነው። መጀመሪያ ያልተሳካውን እንናገር፤ የመጀመሪያውን በክፍሉ ጥግ አኖርነው፤ ነፋስ ስለማያገኘው እምብዛም አልበረደም። ሁለተኛውን ከጥላ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት በረንዳ ላይ አደረግነው፤ ይህኛው ሠራ። ሁለቱም ማሰሮዎች አዲስ፣ ዘይት ያልነካቸውና ያልተሟሹ ይሁኑ፤ ከመግዛትዎ በፊት ጥቂት ውሃ አፍስሰው መጠጣታቸውን ይዩ። ከሥር ሦስት ጣት ያህል አሸዋ ይነጠፍ፤ በዙሪያው ሁለት ጣት ያህል ክፍተት ይተውና በታጠበ አሸዋ ይሞላ። ጠዋትና ማታ አሸዋው ይርሳ፤ አፉ በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ማሰሮው በቀጥታ መሬት ላይ ከሚቀመጥ በሦስት ድንጋይ ላይ ቢያርፍ ከሥሩም ነፋስ ያገኛል። ቲማቲሙና ጎመኑ ከውጭ ካስቀመጥነው ይልቅ ጠንክሮ ቈየ፤ የመጠጥ ውሃውም ለጕሮሮ ደስ የሚል ሆነ። ሥጋ፣ ወተትና ዓሣ ግን አይታመንበትም። ከግንቦት በኋላ ደግሞ አሸዋውን አውጥታችሁ ማሰሮውን ለሌላ ተጠቀሙበት።

ለዚያ ወንድማችን የሁለቱን ማሰሮ ዋጋ አዋጥተን መልሰንለታል። ይቅርታውንም በዚህ ገጽ በአደባባይ እንጠይቃለን፤ ስሕተቱ በኅትመት ወጥቶ ይቅርታው በጓዳ ሊሆን አይገባውምና። ያቺ እኅታችንም ወደ ሆስፒታል ሄዳ ጠይቃለች፤ የጠየቀችውን ያገኘችው ከሚያውቁት ዘንድ ነው፤ ከእኛ ዘንድ አለመሆኑም ደስ አሰኝቶናል።

አባቶቻችን ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብለዋል። ከእንግዲህ ወዲህ ለ«በገዛ እጅዎ» ገጽ ጽሑፍ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ፣ ፊደሉን ከማረማችን በፊት የእኒያን እናት ጥያቄ እንጠይቀዋለን። እናንተም አንባብያን እኛን ጠይቁን።