ስለ መንከባለልና ስለ መንሸራተት ለልጆች የሚሰጥ ትምህርት

በጌዴኦ አገር በፍስሐ ገነት አካባቢ ዝናብ ከጣለ በኋላ ቡና የጫነ ካሚዮን ከጭቃ ጋራ ሲታገል ልጆች ከበው ያያሉ። የኋላው ጐማ ይዞራል፤ መኪናው ግን ፈቀቅ አይልም። ልጅ ይህን አይቶ ምክንያቱን ቢጠይቅ አባቱ «ጭቃው ነዋ» ብሎ ዝም ሊያሰኘው አይገባም እንላለን፤ የፊዚክስ ትምህርት የሚጀመረው ከዚሁ ጥያቄ ነውና።

ለመመርመር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ረዘም ያለ ሳንቃ በአንድ ወገን በድንጋይ ደግፎ ማዘንበል፤ ከባሕር ዛፍ የተቈረጠ ድቡልቡል ግንድና ክዳኑ በኹለቱም ወገን የተነሣለት ባዶ ጣሳ ማቅረብ ነው። ኹለቱ እኩል ከመለቀቃቸው በፊት ልጁ የትኛው እንደሚቀድም ይናገር፤ ሳይናገር የተደረገ ሙከራ የዓይን ጨዋታ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ብዙዎች ክብደቱን አይተው ለግንዱ ይፈርዳሉ። ግንዱ በእርግጥ ይቀድማል፤ ነገር ግን ስለ ክብደቱ አይደለም። ከጣሳው የሚቀልል ክብ የመጥረጊያ እጀታ ቍራጭ ቢለቀቅም ያው ይቀድማል። ጣሳው አካሉ ኹሉ በዙሪያው ስለ ሆነ መዞር ያስቸግረዋል፤ ግንዱ 4 ስንዝር ሲወርድ ጣሳው 3 ያህል ብቻ ይሄዳል።

ጋሊሌዎ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1638 በታተመው መጽሐፉ የነሐስ ኳስ በተዘነበለ እንጨት ላይ እያንከባለለ፥ የፈሰሰውን ውሃ በመመዘን ጊዜውን እንደ ለካ ጽፏል፤ ስለዚህ ሰዓት የለንም ማለት ምክንያት አይሆንም።

ቀጥሎ የግንዱን ዙሪያ በክር መለካትና በጠመኔ ምልክት ማድረግ ነው። ሳይንሸራተት የተንከባለለ ነገር በአንድ ዙር የሚሄደው ልክ የክሩን ያህል ነው። ሳንቃው ሳሙና ተቀብቶ ቍልቍለቱ ሲበዛ ግን ግንዱ አንድ ዙር ሳይፈጽም ከክሩ ልክ አልፎ ይወርዳል፤ መንሸራተት ይህ ነው። በጭቃ የተያዘው ጐማ ተገላቢጦሹ ነው፤ ብዙ ዞሮ ጥቂት ይሄዳል።

በደኅና በሚንከባለል ጐማ መሬቱን የነካው ወገን ለቅጽበት ቆሞ መሬቱን ይይዛል። ሹፌር በቍልቍለት ፍሬኑን በድንገት አጥብቆ ጐማውን ያቆመ እንደ ሆነ ያ መያዝ ይላላል፤ ጐማው ሳይዞር መኪናው ይንሸራተታል፤ መሪውም ቢጠመዘዝ አይታዘዝም። ነገ መኪና የሚነዳ ልጅ ይህን በሳንቃ ላይ ቢያውቀው ይሻላል፤ በገደል አፋፍ መማር ዋጋው ብዙ ነው።

ሳሙና የፈሰሰበትን ወለል ልጁ ራሱ ይወልውለው፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚንሸራተተው የቤቱ ሽማግሌ ይሆናል።