ቀጥቃጩና ታማሚዋ

በሶማሊላንዷ ሐርጌሳ ውስጥ ዳሚ የሚባል ሰፈር አለ። ብረት ቀጥቃጭና ቆዳ ፋቂ የሆኑት፣ ሌላው ጎሣ የማይጋባቸው ገቦዬዎች ይኖሩበታል። ከኢትዮጵያ የተሰደዱ ወገኖቻችንም እዚያው ተጠግተዋል። ስለ ዳሚ ባነበብኩ ቁጥር ያክስቴ ልጅ ትዝ ትለኛለች።

አእምሮዋ ሲታወክ ሰፈሩ መጀመሪያ ያለው «ቡዳ በልቷት ነው» ነበር። ጣት የተቀሰረው ደግሞ እንደ ገቦዬዎቹ በተገለለው፣ ማረሻችንን በሚሠራልን ቀጥቃጭ ላይ ነው። እሷ ቤት ስትዘጋ እሱም ገበያ መውጣት ተወ። ለአንድ ሕመም ሁለት ታማሚ አበጀንለት።

ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ሳታቋርጥ ጸበል ወሰድናት። ከወራት በኋላ «እግዚአብሔር አልረሳኝም፣ ከዚህ ጋር መኖር እያስተማረኝ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ፊቷ ላይ ያየሁትን እርጋታ ማንም ሊያቃልልብኝ አይችልም። እዚያው ግን «ኪኒኑን ተዪ» የሚል ሰው አግኝታ አቆመች፤ ሕመሙም ብሶ ተመለሰ። ዛሬ ከጸበሉም ከመድኃኒቱም አትለይም።

ለሕመሟ ትርጉም መፈለግ የታማሚዋ መብት ነው። ትርጉሙን እኛ ስንቀማት ግን ወይ ሌላው ላይ ክስ ይሆናል፣ ወይ እሷው እግር ላይ ሰንሰለት። ሂዩማን ራይትስ ዎች በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ሐርጌሳ ውስጥ በግል ማዕከላት በሰንሰለት ታስረው ስለሚኖሩ የአእምሮ ሕሙማን ጽፏል። ከማዕከላቱ መካከል በቁርኣን እናድናለን የሚሉም ነበሩ። እኛስ ጸበል ቦታ የታሰረ ሰው አላየንም? ቅዱስ ቃል የሚሰማ ሰው እግሩ ለምን ይታሰራል?

የሐርጌሳ ሕመም እኛንም ይነካል፤ ከተማዋ የምትቅመው ጫት ከኛው ከአወዳይ በኩል ይሄዳልና። ሚካኤል ኦደንቫልድ የተባለ ጀርመናዊና ባልደረቦቹ እዚያ 4,854 ሰዎችን መርምረው በ2005 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ የአእምሮ ሕመም የተገኘባቸው ከሌሎቹ ይልቅ ጫት በለጋ ዕድሜ የጀመሩና አብዝተው የሚቅሙ ሆነው ተገኝተዋል። ይህ ቡዳም ጂንም አይደለም። ቄሱም ሼኹም ዱዓና ጸሎቱን ሳይተዉ «ጫቱን ተው፣ መድኃኒትህንም ዋጥ» ቢሉ የሚሰማቸው ብዙ ነው። ሐኪሙም «ምን ታምናለህ? ይህ ሕመም ላንተ ምንድነው?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ሳይቸኩል ያድምጥ።

ያክስቴ ልጅ ስትረጋጋ መጀመሪያ የሄደችው ቀጥቃጩ ቤት ነው። ቡና ይዛ ሄዳ፣ እግሩ ላይ ወድቃ ይቅርታ ጠየቀችው። እኛ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቅነውም።